ስለ ሳንሱርና ስለ «ኦሮማይ»

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመናገርንና የማተምን ነጻነት በሕግ መሠረት አረጋግጦ ነበር፤ ዳሩ ግን ሳንሱር አልቀረምና አቶ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተሙት «አልወለድም» ታገደ።

በደርግ ዘመን የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። አቶ በዓሉ ግርማ፥ ሳንሱር ይፈጸምበት በነበረው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሳሉ፥ የቀይ ኮከብን ዘመቻ መነሻ አድርገው የጻፉትን «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አወጡ። ያሳተመውም የመንግሥት ድርጅት የሆነው ኩራዝ ነበር፤ ሆኖም መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፥ ደራሲውም ከሹመታቸው ተሻሩ። አንባቢው ግን እንቢ ብሎ መጽሐፉን በስውር ሲቀባበል ኖረ፤ ባይታገድ ኖሮ ይህን ያህል ፈላጊ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን ከለከለ፤ «ኦሮማይ»ም በአደባባይ ተሸጠ። አቶ በዓሉ ግን በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም፤ ቤተ ሰባቸውም እስከ ዛሬ የሚያለቅስበት መቃብር አላገኘም።