ክረምቱንም በጋውንም የሚችል ጓሮ

አምቦ ዝናብ ያጠራት ከተማ አይደለችም። በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ ችግሩ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት መውረዱ ነው። ከዚያ በኋላ የበልጉ ካፊያ እስኪመጣ ጓሮው የቧንቧ ጥገኛ ይሆናል፤ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ ከጽጌረዳው ይልቅ ጀሪካኑ ይቀድማል። ስለዚህ በአምቦም ሆነ በጊንጪ ተክል የሚመርጥ ሰው በጋውን መቻሉን ብቻ ማየት አይበቃውም። ያው ተክል የሐምሌን ጭቃም መሻገር አለበት።

ይህ የሚዘነጋው ስለ ውሃ ቆጣቢ ጓሮ የሚሰራጨው ምክርና ፎቶ በብዛት ከደረቅ አገር ስለሚመጣ ነው። ሐሳቡን በ1981 እ.ኤ.አ. የራሱን ስም ሰጥቶ ያስፋፋው የአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የዴንቨር የዓመት ዝናብ 400 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጠጠር የተነጠፈበት የቁልቋል ጓሮ እዚያ ያምራል። የጊንጪ ጥቁር አፈር ግን በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ለሥር አየር ይነፍጋል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። በጋን የማይፈራ ቁልቋል እዚህ የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በክረምት በስብሶ ነው። ተመራማሪዎች ጊንጪ ላይ ለዓመታት የደከሙት ስንዴና ጤፍ የተዘራበትን ጥቁር አፈር ትርፍ ውሃ በሰፋፊ መደቦችና በቦይ ለማንጣፈፍ ነበር። ለጓሮም ይኸው ይሠራል፤ መደቡን ከፍ አድርጎ ጎኑን በቦይ ማስተንፈስ ከማንኛውም የችግኝ ምርጫ ይቀድማል።

ምርጫውን ደግሞ ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭልሞ ደን ያሳያል። ጽድ፣ ወይራና ዝግባው በጋውን ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚያልፈው ማንም ሳያጠጣው ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ለጠባብ ግቢ ባይሆኑም አንድ ወይራ ከአጥር ዳር ቦታ አያጣም። ለአጥር ክትክታ ከተራቆተ ኮረብታ ላይ እንኳ የሚበቅል ነው፤ ቀጋ ነጭ አበባውንም የሚበላ ፍሬውንም ይሰጣል። ሬት፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ውሃ የማይተኛበት ከፍታ ከተሰጣቸው በበጋ ብዙ አያስቸግሩም። እንሰት ውሃን በግንዱና በአምቾው ያከማቻል፤ ሆለታን በመሰለ ደጋ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥላል፣ ከቤት ጥግ ቢከለል ይሻላል።

"የጣሪያ ውሃ ማጠራቀም አይቀልም ወይ?" የሚል ይኖራል። ማጠራቀሙ መልካም ነው፤ ስሌቱ ግን ይመዘን። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በዓመት 50,000 ሊትር ገደማ ይቀበላል። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል በ4 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላል፤ የቀረው ይፈስሳል። ያንን ሁሉ የሚያስቀምጥ ታንከር ለብዙው ቤተሰብ አቅም ይከብዳል፣ ጥልቅ ሥር ያለው ተክል ግን ከመሬት ውስጥ ፈልጎ ይጠጣል። ሌላው ክርክር ድርቅ እስከቻለ ድረስ ከየትም ይምጣ የሚለው ነው። አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ የገባው በዚህ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬ የግጦሽ መሬቱን ወርሮ አርብቶ አደሩን አስመርሯል። ድርቅ መቻል ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይገባም።

የወይራ አዝጋሚነት እውነተኛ ቅሬታ ነው። የመጀመሪያው በጋም ውሃ ይጠይቃል፦ በሰኔ መጀመሪያ የተተከለ ችግኝ እስከ ኅዳር ሥር ቢሰድም፣ እስከ በልጉ በየሳምንቱ ጠለቅ ያለ ውሃ እና ከሥሩ የሣር ጉዝጓዝ ያስፈልገዋል። በየቀኑ ላይ ላዩን መርጨት ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። ጎመንና ሰላጣ ግን ውሃ ይፈልጋሉ፣ ይህን መካድ አይቻልም። ከአጥሩና ከአበባው የተረፈው ለእነሱ ይሁን፤ መደባቸውም ወጥ ቤት አጠገብ ቢሆን አትክልት የታጠበበት ውሃ ሳይደፋ ይደርሳቸዋል።