የመካ ሰዓትና የእኛ መግሪብ



ዛሬ ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የበርካታ ከተሞችን ሰዓት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ጎን ለጎን የሚያሳየው ፕሮግራም የተወደደውም ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ከአገሩ ሰዓት ሌላ ሁለት መጨመር ይፈቅዳል። ቆጠራው ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር 18:00 ሲል ለእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው። ዱባይ ያለችው እህታችን በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን በብርዳቸው ወራት 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ነው፤ ፕሮግራሙ ለውጡን በራሱ ያስተካክላል። ሰው ከእንቅልፉ ሳንቀሰቅስ ለመደወል መልካም መሣሪያ ነው።

ችግሩ ለሶላትና ለፆም ስንጠቀምበት ነው። መካና አዲስ አበባ በስክሪኑ ላይ አንድ ሰዓት ያሳያሉ። ከዚህ ተነስተው በሳተላይት ቴሌቪዥን የመካ አዛን ሲሰማ ቴምር የሚያነሱ ቤተሰቦች አሉ። የሰዓት ቀጠና መንግሥታት ለሥራ የወሰኑት ነው፤ መግሪብ ግን የሚገባው ባለንበት አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መካ ከእኛ ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ በታኅሣሥ ቀኗ ያጥራል፣ ፀሐይም ከአዲስ አበባ ከ20 ደቂቃ በላይ ቀድማ ትገባባታለች። ያን ጊዜ በመካ አዛን ያፈጠረ ሰው ፀሐይ ሳትገባ በላ ማለት ነው። በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል። ረመዷን ደግሞ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ወደ ኋላ እየተሳበ ወደ ጥርና ታኅሣሥ ተጠግቷል።

በአገራችን ውስጥም ቢሆን ጅግጅጋና ጋምቤላ ሰዓታቸው አንድ ነው። ለአንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ፀሐይ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ በሁለቱ መካከል 8 ዲግሪ ያህል አለና ጋምቤላ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትመሻለች። የሶላት ወቅት የሚያሰላው ፕሮግራምም ከተማው በትክክል ካልተሞላለት ያው ነው።

የመካ ሰዓት በእርግጥ የሚጠቅምበት አጋጣሚ ግን አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት 20 እና ሐምሌ 9 ገደማ፣ ፀሐይ በቀጥታ ከካዕባ አናት ላይ ትውላለች፤ በእኛ አቆጣጠር ቀን 6፡18 እና 6፡27 አካባቢ። በዚያች ደቂቃ የፍራንክፈርት ሰዓት በስክሪኑ 11:18 ወይም 11:27 ይላል፤ እዚያ ያለ ወንድም ፊቱን ወደ ፀሐይ ካዞረ ወደ ቂብላ ዞረ። እኛም ግቢያችን ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ብንተክል ቂብላ ከጥላው በተቃራኒ ነው።

ወላሁ አዕለም።