ከሚዲ ወደ ጌም ቦይ

ሚዲ ፋይል ውስጥ ድምፅ የለም። ያለው ትእዛዝ ብቻ ነው፦ የትኛው ኖታ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚመታና መቼ እንደሚለቀቅ። የሚዲ ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ የተለያዩ ፋብሪካዎች ኪቦርዶች እንዲግባቡ ታስቦ ተሠርቶ እስከ ዛሬ አላረጀም። ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የሚሰማው ፒያኖም ሆነ ቫዮሊን የኮምፒዩተሩ እንጂ የፋይሉ አይደለም። በትርፍ ጊዜያቸው ለጌም ቦይ ጨዋታ ከሚሠሩት ብዙዎቹ «ስንቀይረው ድምፁ ተበላሸ» ብለው ያማርራሉ፤ ያልነበረ ድምፅ ግን አይበላሽም። ቅየራ ማለት ያንኑ ትእዛዝ ሌላ መሣሪያ እንዲጫወተው ማሰናዳት ነው።

ኒንቴንዶ በ1989 ለገበያ ያቀረበው ጌም ቦይ አራት ድምፅ ብቻ አለው፦ ሁለት የካሬ ሞገድ፣ አንድ በ32 ነጥብ ቅርጹ የሚሣል ሞገድ፣ አንድ ደግሞ ለከበሮ የሚያገለግል ጫጫታ። የሚዲ ቻናሎች 16 ናቸው፤ ከበሮ እንደ ልማዱ አሥረኛው ላይ ይቀመጣል። ቤዙ የሚሣለውን ሞገድ ቢይዝ ይሻላል፤ የካሬው ሞገድ ከ64 ኸርትዝ በታች አይወርድም፣ ይኸኛው ግን እስከ 32 ይወርዳል። ኮርድ ሲመጣ ሦስቱ ኖታዎች በአንድ ቻናል እየተፈራረቁ በፍጥነት ይመታሉ፤ ጆሮ አንድ ላይ ይሰማቸዋል። ዋናው ዜማ ግን የዝላይና የተኩስ ድምፅ በሚነጥቀው ቻናል ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው፣ ከሁሉም የሚናቀው፣ ጊዜው ነው። ሚዲ አንድን ምት ብዙውን ጊዜ 480 ቦታ ይከፍለዋል። ጌም ቦይ ደግሞ ስክሪኑን በሰከንድ 59.73 ጊዜ ያድሳል፤ ሙዚቃውም በአብዛኛው የሚራመደው በዚሁ ፍሬም ነው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንዱ ምት 29.86 ፍሬም፣ የምቱ ሩብ 7.47 ፍሬም ይሆናል። ፍሬም ደግሞ አይሸረፍም። በችኮላ የተጻፈ መቀየሪያ እያንዳንዱን ርዝመት ለብቻው ያጠጋጋል፦ ሩቡን 7፣ ሙሉውን 30 ያደርገዋል። ዜማው በሩብ በሩብ እየሮጠ ቤዙ በሙሉ ምት ሲረግጥ፣ የመጀመሪያው ምት ለዜማው በ28ኛው ፍሬም፣ ለቤዙ በ30ኛው ያልቃል። አራት ምት ሲሞላ ዜማው 8 ፍሬም ቀድሞ ሄዷል፤ ይህ ከአንዱ የሩብ ኖታ ርዝመት ይበልጣል። ጥፋቱ የመቀየሪያው ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ በምስኪኑ ቺፕ ይላከካል።

መፍትሔው ርዝመትን ትቶ ከሙዚቃው መጀመሪያ መቁጠር ነው። ኖታዎቹ በ7.47፣ በ14.93፣ በ22.40 እና በ29.86 ሲያበቁ፣ ወደ 7፣ 15፣ 22 እና 30 ይጠጋጋሉ። ርዝመታቸው 7፣ 8፣ 7፣ 8 ይሆናል፤ ስሕተቱ ከግማሽ ፍሬም አያልፍም፣ አይጠራቀምምም። ሁሉንም 7 አድርጎ መገላገል ይቻላል፤ ያኔ ግን 120 የነበረው ፍጥነት 128 ይገባል፣ 8 ከተደረገም ወደ 112 ይወርዳል።

ጉልበቱ ቀላል ነው፦ የሚዲ 127 ደረጃ በካሬው ሞገድ ወደ 15 ይታጠፋል። በመጨረሻ የመደጋገሚያው ቦታ በእጅ ይመረጣል። ብዙ ፋይሎች ከመጨረሻው ኖታ በኋላ ባዶ ጊዜ ያስከትላሉ፤ ያ ጭራ ልክ ምቱ በሚያልቅበት ፍሬም ላይ ካልተቆረጠ ሙዚቃው በዞረ ቁጥር ይደናቀፋል።