ሞንጎዲቢ፦ የሰጡትን ሁሉ የሚቀበል መዝገብ

ሠንጠረዥ የለመደ ባለሙያ ሞንጎዲቢን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው ዓምዶቹን ነው፤ የሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ የቀረበው ይህ ዳታቤዝ የሚያስቀምጠው ሰነድ ነው፤ ሰነዱም በጃቫስክሪፕት ከሚጻፍ ኦብጀክት እምብዛም አይለይም። በኖድ ጄኤስ ለሚሠሩ ሰዎች የተመቸውም ለዚህ ነው፤ ከቅጹ የመጣው መረጃ ብዙ ሳይገለበጥ እንዳለ ይገባል።

የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍልን እንውሰድ። ሠራተኛዋ የታካሚውን ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ስልኩንም ሞልታ «መዝግብ» የሚለውን ስትጫን መረጃው ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ኮድ «ኢንሰርትዋን» የተባለውን ትእዛዝ ይጠራል። ብዙ ሰነድ ባንዴ ለማስገባት «ኢንሰርትሜኒ» አለ። ሰነዶቹ የሚሰበሰቡበት ኮሌክሽን ከሌለም የመጀመሪያው ሰነድ ሲገባ በራሱ ይፈጠራል። የኮሌክሽኑን ስም በአንድ ፊደል የሳተ ሰው ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም፤ ሁለተኛ ኮሌክሽን ይወለድለታል።

ለሰነዱ መለያ የሚያወጣለት ዳታቤዙ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያወጣው በመተግበሪያው በኩል ያለው ድራይቨር ነው። መለያው 12 ባይት ነው፦ 4ቱ የተፈጠረበት ጊዜ በሰከንድ፣ 5ቱ በዘፈቀደ የወጣ ቁጥር፣ 3ቱ ቆጣሪ። መለያውን ብቻ አይቶ ታካሚው መቼ እንደተመዘገበ ማወቅ ይቻላልና፣ በድረ ገጹ አድራሻ ላይ ገልጦ የሚያሳይ ሰው ቢያስብበት አይከፋም።

ጣጣው ያለው ቸርነቱ ላይ ነው። አንዱ ገጽ ስልክን እንደ ጽሑፍ፣ ሌላው እንደ ቁጥር ቢልክ ዳታቤዙ ሁለቱንም ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ቁጥር የሆነው ግን የፊቱን ዜሮ ጥሏል። ታካሚው በስልኩ ሲፈለግ «የለም» ይባላል፤ ሁለተኛ ካርድ ይወጣለታል። ለዚህ መድኃኒቱ በኮዱ በኩል ሞንጉስ የተባለው ላይብረሪ፣ በዳታቤዙ በኩል ደግሞ ኮሌክሽኑ ላይ የሚጣል የማረጋገጫ ደንብ ነው። እኔ ብመርጥ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በየትኛውም ገጽ ቢመጣ አያልፈውምና። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ሰው መሆናቸውን ግን ደንቡም አያውቅም፤ ፊደሉን ቀድሞ ማስተካከል የፕሮግራመሩ ፋንታ ነው።

«አዌይት» የምትለዋን ቃል መርሳትም አለ። ያኔ ኮዱ መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል፤ ማስገባቱ ቢከሽፍም ሠራተኛዋ ፊት «ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህን ሥራ የምትጀምሩ ሁሉ፣ ከዳታቤዙ ማረጋገጫው ሳይደርሳችሁ «ተመዝግቧል» አትበሉ።