ሞተች ያልናት ሸረሪት

በሙስሊም ቤት ያደገ ልጅ ሸረሪት አይገድልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ በሠውር ዋሻ አፍ ላይ ድሯን ስላደራችው ሸረሪት እናቶቻችን እየተረኩልን አድገናል። የቁርኣን 29ኛው ሱራም በስሟ አል-ዐንከቡት ተብሎ ይጠራል። ይህን ሁሉ እየሰማን ያደግን እኛ ግን አንዲት ሸረሪት ገድለናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከላሊበላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከነአኩቶ ለአብ አካባቢ የሚመጣ አንድ ተማሪያችን፣ አጎቱ ከተከዜ ቆላ ያመጣለትን ሸረሪት በዱቄት ወተት ጣሳ ይዞ ክፍል ገባ። ጠጉራም፣ እግሯን ስትዘረጋ የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ታራንቱላ ነበረች። ተማሪዎቹ «እናሳድጋት» አሉ፤ እኛም ለትምህርት ይጠቅማል ብለን ፈቀድን። በመስታወት ሣጥን አፈር ጨመርን፣ በቆርኪ ውኃ አኖርን፣ በየሦስት ቀኑ ፌንጣ ወረወርንላት። እሷ ግን ሳትቀምስ ጥግ ይዛ ተኮራምታ ሰነበተች። አንድ ጠዋት ስንገባ በጀርባዋ ተንጋላ እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብንጠብቅስ?» ያለችን አንዲት ልጅ ነበረች። አልሰማናትም። ልንጥላት በእንጨት ገልብጠን ስናወጣት እግሯ ተንቀሳቀሰ። ቆዳዋ ተሰንጥቆ ከሥሩ እርጥብና ነጣ ያለ ሌላ ቆዳ መውጣት ጀምሮ ነበር። በማግሥቱ ሞተች።

ኋላ አንብበን እንደተረዳነው፣ የምትሞት ታራንቱላ ብዙውን ጊዜ እግሮቿን ከሥሯ ሰብስባ ትደፋለች፤ በጀርባዋ የምትንጋለለው ቆዳዋን ልትቀይር ነው። ከዚያ በፊት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት አትበላም። አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክር ድረስ መንከሻዋ ሳይቀር ለስላሳ ስለሚሆን፣ የወረወርንላት ፌንጣ እንኳ ሊጎዳት ይችል ነበር። በዱር ብትሆን ይህን የምትፈጽመው ከጉድጓዷ ውስጥ ተሸሽጋ ነው።

ጉድጓዱ ለእሷ ሁሉ ነገሯ ነው። ስምንት ዓይን ቢኖራትም አጥርታ አታይም። በጉድጓዱ አፍ ድር ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ነፍሳት ሲረግጡት ንዝረቱን በእግሮቿ ጠጉር ትሰማና ዘላ ትይዛለች። ሰዉ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል፤ ታራንቱላ ግን ማበር አታውቅም። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ያኖረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንዷን ነው። ወንዱ ለአቅመ ተራክቦ ሲደርስ ጉድጓዱን ጥሎ ሴት ፍለጋ ይወጣና ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ ሴቷ ግን ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። የታራንቱላ ዘመድ የሆነችና በምዕራብ አውስትራሊያ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች ሲከታተሏት የኖሩ «ቁጥር 16» የተባለች ሸረሪትማ፣ በአንድ ጉድጓድ 43 ዓመት ያህል ኖራ በ2016 እ.ኤ.አ. መሞቷ ታውቋል። የገደላት ተርብ ነው ተብሎ ይታመናል።

በአውሮጳና በአሜሪካ ታራንቱላን በቤት ማሳደግ የተለመደ ሆኗል። ከዚህም የተነሣ ጉልበተ ቀይዋ የሜክሲኮ ታራንቱላ ከዱር እየታፈሰች በመሸጧ፣ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዷ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። የአሜሪካዎቹ አብዛኞቹ ሲቆጡ ከሆዳቸው የሚያሳክክ ጠጉር ይረጫሉ፤ ዓይን ከገባ ክፉ ነው። የአፍሪካዎቹ ይህ ስለሌላቸው መናከስ ይቀናቸዋል። ንክሻቸው በጣም ያማል እንጂ ሰው ገደለ ሲባል አልተረጋገጠም። ልጆች ግን በእጅ ይያዙ አንልም፤ ለሸረሪቷም ቢሆን ከእጅ መውደቅ ሆዷን አፍርጦ ይገድላታል።

ድመት አስራ፣ ሳትመግብም ሳትለቅም ስለገደለችው ሴት የሚነገረውን ሐዲስ ለልጆች ስናስተምር ኖረናል። እኛማ መግበናል እንል ነበር።

ባለፈው መስከረም ያ ተማሪ በሰፈሩ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አፉ በድር የተለበጠ ጉድጓድ አገኘ። በዚህ ጊዜ ጣሳ የያዘ አልነበረም። ከመግሪብ በኋላ ባትሪያችንን በጨርቅ ሸፍነን ቁጢጥ አልን። ያችው «ብንጠብቅስ» ያለችን ልጅ በሣር ጫፍ ድሩን ነካ አደረገች። ሁለት እግሮች ብቅ አሉ፣ ሣሩን ዳሰሱት፣ ተመለሱ።

«ፌንጣ እንዳልሆነ አወቀችብን» አለች ልጅቷ እየሳቀች። ደግማ ብትነካው አልወጣችም።