ባሕርይና ባለቤቱ



መዝገብ ይዞ የሠራ ሰው ሁሉ፣ አንድ ነገር በማይገባው ዓምድ ተጽፎ ሲገኝ የሚያስከትለውን ድካም ያውቀዋል። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎችም ከዚሁ ችግር አያመልጡም።

ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎር የተባሉ የኖርዌይ ሊቃውንት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ካሳወቁ ወዲህ፣ ብዙው ፕሮግራም የሚዘጋጀው «ኦብጀክት» በሚባል ክፍል ነው። ኦብጀክት ማለት አንድን ነገር ከነባሕርዩ የሚወክል ነው፤ ባሕርዩም «አትሪቢዩት» ይባላል። ነዋሪው ኦብጀክት ቢሆን፣ ስሙና የልደት ቀኑ ባሕርዮቹ ናቸው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፣ ይህ ባሕርይ የማን ነው? የሚለው ነው።

ምሳሌውን ከወላይታ እናምጣ። የወላይታ ዞን እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ድረስ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነበር። በዚያው ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዞኑ ወደ አዲሱ ክልል ገባ፤ ወላይታ ሶዶም የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች።

አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ «ክልል» የሚለውን በእያንዳንዱ ነዋሪ ላይ ጽፎት ነበር እንበል። ለውጡ በመጣ ጊዜ የነዋሪውን መዝገብ ሁሉ አንድ በአንድ ማረም ሊኖርበት ነው። ጥቂቱ ከተዘለለ፣ በአንድ ቤት የሚኖሩ አባትና ልጅ በሁለት ክልል ተመዝግበው ይገኛሉ። ኮምፒውተሩም ሁለቱንም ጽሑፍ እንደ ትክክል ስለሚቀበል አያስጠነቅቅም። ሌላው ግን ነዋሪውን ከቀበሌው፣ ቀበሌውን ከወረዳው ወይም ከከተማው፣ ያንንም ከዞኑ አያይዞ፣ ክልሉን በዞኑ ላይ ብቻ ቢጽፍ፣ የሚያርመው አንድ ስፍራ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ክልል ሁልጊዜ የዞኑ ብቻ ነው ማለት አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ሶዶ ላይ በተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የሰፈረው የክልል ስም የወረቀቱ ባሕርይ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ስም ከዛሬው ዞን እየወሰደ ቢያትመው፣ በዚያ ዘመን ያልነበረ ክልል በ2010 ዓ.ም. የሰጠው ወረቀት ይሆናል። ባለጉዳዩም በእጁ የያዘው ዋናው ወረቀት ከመዝገቡ ስለማይስማማ፣ ያለ ጥፋቱ በሐሰተኛነት ሊጠረጠር ይችላል።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤታችሁ አዲስ ፕሮግራም ሲዘጋጅ፣ ለእያንዳንዱ ዓምድ ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ይህ ነገር የሚለወጠው ማን ሲለወጥ ነው? ከተጻፈ በኋላ እንደ ነበረ መቈየት የሚገባውስ የቱ ነው? መልሱ አስቀድሞ ከታወቀ፣ በመስኮቱ ፊት የቆመው ባለጉዳይ ከብዙ ምልልስ ይድናል።