ከግራር ሥር የሚሠራው ቤት

ከሶማሌላንድ ዋና ከተማ ከሐርጌሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ 31 ሜይ ይባላል። ስሙ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዋን ያጠቁበትን ቀን ያስታውሳል። በተከታዮቹ ሳምንታት የሶማሊያው የሲያድ ባሬ መንግሥት በመድፍና በአውሮፕላን ሲደበድባት አብዛኛው የሐርጌሳ ቤት ፈረሰ፤ ነዋሪዎቿም ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ሐርትሼክ ሸሹ። በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ይባል በነበረው በዚያ ሜዳ ብዙዎች የተጠለሉት ጎበጥ ጎበጥ ባሉ እንጨቶች ላይ ጨርቅና ላስቲክ በለበሰ ክብ ጎጆ ውስጥ ነበር። ዛሬም ድርቅ ከብታቸውን የጨረሰባቸው አርብቶ አደሮች በከተማዋ ዳር የሚያቆሙት ይህንኑ ነው። ያየው ሁሉ የድህነት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን የጎጆው እናት የሆነው አቃል በመዋቅር ምሕንድስና ሚዛን ሲመዘን የበሰለ ሥራ ነው እላለሁ፤ በየካምፑ የምናየው ጉድለት የመጣው ቁሳቁሱ ስለጠፋ ነው።

አቃል የሶማሌ አርብቶ አደሮች ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። የሚሠሩት፣ የሚተክሉትና የሚነቅሉት ሴቶች ናቸው፤ ጉዞ ሲሆን ተፈታቶ በግመል ይጫናል። አጥንቱ ዲጎ የሚባለው የጎበጠ ዘንግ ሲሆን፣ ለዚህ የሚፈለገው ጋሎል የተባለው ግራር ሥር ነው። የግራር የጎን ሥር ርቆ ይሄዳል፤ እርጥብ ሳለም እንደ ልብ ይታጠፋል። እርጥበቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ 1.5 ሜትር ራዲየስ ባለው ቅስት ሲጎብጥ የውጭ ጎኑ 1 በመቶ ያህል መለጠጥ ግድ ይለዋል። ደረቅ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያው ግድም ነው። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን መለጠጡም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያዋ ቀጭኑን ትመርጣለች፣ በእርጥቡ ታጎብጠዋለች፣ አስራም ታደርቀዋለች፤ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። የዚያው ዛፍ ልጥ ተፈትሎ ማሰሪያ ገመድ ይሆናል፤ ለልባሱ የሚሆነው ምንጣፍም ከልጥና ከሣር ይሠራል።

ዲጎዎቹ እግራቸው መሬት ተቀብሮ አናታቸው ላይ ይታሰራሉ፤ ቀጫጭን እንጨቶች እንደ ማገር አግድም ያያይዟቸዋል፤ ከዚያ ምንጣፉ ይለብሳል። ምስማር የሚባል ነገር የለም። ብሎኬትና ፌሮ ለለመደ ዐይን ይህ ልል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን የኮንክሪት ቤት ዋና ጭንቀቱ የራሱ ክብደት ሲሆን የአቃል ጭንቀት ንፋስ ነው። በክረምቱ ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ንፋስ በዚህ አገር ብርቱ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ንፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ክቡ ጣሪያ ግን በጎንና በላይ ያሳልፈዋል። ሆኖም አናቱ ላይ ንፋሱ ሲፈጥን ልባሱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በምንጣፉ ላይ ተወጥረው ወደ ታች የሚታሰሩት ገመዶች ሥራቸው ይህን መያዝ ነው። በልጥ የታሰረ መጋጠሚያም በነፋስ ምት ትንሽ ይላወሳል እንጂ አይሰበርም።

ያለ ስሌት የተሠራን ነገር ምሕንድስና ማለት ማጋነን ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ጀርመን ማንሃይም ላይ አርክቴክቱ ፍራይ ኦቶ የነደፈው ሙልቲሃለ የተባለው አዳራሽ የቆመው በተመሳሳይ ብልሃት ነው፤ ቀጫጭን እንጨቶች መሬት ላይ እንደ መረብ ተገጣጥመው፣ ወደ ላይ ተገፍተውና ጎብጠው እስከ 60 ሜትር የሚሰፋ ጣሪያ ሆኑ። የኦቭ አሩፕ ድርጅት መሐንዲሶች ብዙ ካሰሉ በኋላ እንኳ በስሌቱ ብቻ አልተማመኑም፤ ውኃ የሞላባቸው የቆሻሻ በርሜሎች ጣሪያው ላይ አንጠልጥለው ሸክሙን ፈተሹ። ፈትኖ ማወቅ እዚያ ምሕንድስና ከሆነ፣ ለትውልዶች በየሰፈራው ሲተከልና ሲነቀል የተፈተነው አቃል ስሙን የሚነፈግበት ምክንያት አይታየኝም። ላቤል ፕሩሲን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመችው የአፍሪካ ዘላኖች ሥነ ሕንፃ መጽሐፏ ለሴት ገንቢዎቹ ይህን ክብር ሰጥታለች። ልዩነቱ ግን አለ፦ ልምድ በለመደው መጠን ውስጥ ብቻ ይሠራል። አቃሉን አሥር እጥፍ አስፊው ብትባል የባለሙያዋ እውቀት አይበቃትም፤ ያኔ ስሌት የግድ ነው።

ከተማ ውስጥ አቃል አያዋጣም የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፣ ብዙው ክፍሉም ትክክል ነው። ፎቅ አይሆንም፤ ተጠጋግቶ ሲሠራ ደግሞ እሳት ያሰጋዋል። ሐርጌሳ እሳት በተጨናነቀ ሰፈር ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 የዋሄን ገበያ ሲወድም አይታዋለች። ከተማዋ ኮንክሪትና ድንጋይ ያስፈልጓታል። የተፈናቀለ ሰው ግን ዛሬ ማታ የሚያድርበት ይፈልጋል፤ የድንጋይ ቤት እስኪያገኝ የሚኖርበት ጎጆ አጥንቱ ያገኘው ቅርንጫፍ፣ ቆዳው ላስቲክና ካርቶን ነው። ቅርንጫፉ ወጣ ገባ ስለሆነ ከደካማው ቦታ ይሰበራል፤ ላስቲኩ ቀን ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ የልጥ ምንጣፍ ግን አየር ያስተነፍሳል። ጋሎሉም ከሰል ሆኖ እየተቃጠለ ስለሆነ ሥሩን ቆፍሮ ማግኘት እየራቀ ነው። መጠለያ የሚያድሉ ድርጅቶች ከሸራው ጋር ቀጥ ያለ ምሰሶ ከሚሰጡ፣ እኩል ውፍረት ያለው የሚታጠፍ ዘንግና በቂ ገመድ ቢያቀርቡ፣ አተካከሉንም ለሚያውቁት ሴቶች ቢተዉ፣ ንፋስ የሚችል ጎጆ በተመሳሳይ ወጪ ሊቆም ይችላል ብዬ አምናለሁ። የዘንጉን ውፍረትና የቅስቱን ስፋት አስቀድመው ሊጠይቋቸው የሚገባውም እነዚያኑ ሴቶች ነው።